ቅጠል አዘዝክ፣ ቅጠል መጣልህ

«አማሪሊስ የቤት ውስጥ አበባ ነው፤ ውጪ አይሆነውም» ይሉኛል።

ቤቱን ማን ሠራለት? ዘሩ በብራዚል፣ በቦሊቪያና በፔሩ ጫካና ገደላገደል የበቀለ ነው፤ ጣሪያ አያውቅም። ዝናብ ሲገባ ቅጠል ያወጣል፣ ዝናብ ሲወጣ ያርፋል። ከአፈር አውጥቶ በካርቶን ያሸገው፣ ለፈረንጆች ገና ከመስኮት ሥር የደረደረው ነጋዴ ነው። ነጋዴው ካርቶን ስለወደደ አበባውም ካርቶን ይወዳል ያለው ማነው?

«ቢሆንም የፈረንጅ አበባ ነው፤ የእኛን አየር አይለምድም።»

የፈረንጁን አየር መቼ ለመደና! ሆላንዶች የሚያመርቱት መስታወት ቤት ሠርተው፣ ውስጡን አሙቀው ነው። የአገራቸው ብርድ አንድ ሌሊት ቢያገኘው ቅጠሉ ይቀልጣል፤ ከአፈር ውስጥ ያለው ሽንኩርት መሳይ ራሱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ያበቃለታል። እንዲያብብላቸው ሲፈልጉ ምን ያደርጋሉ? ውሃውን ይከለክሉታል፣ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ያሳርፉታል፣ ከዚያ ሙቀቱንና ውሃውን ይመልሱለታል። አዲስ አበባ ላይ መስከረም ሲያልቅ ዝናቡ በራሱ ጊዜ ያባራል። ከጥቅምት እስከ ጥር አፈሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የካቲት ላይ ቀኑ ይሞቅና የበልጉ ካፊያ ይከተላል። እነሱ በገንዘብ የሚገዙትን ወቅት እኛ በነጻ እያገኘን «አየሩ አይስማማውም» ማለት ነውር ነው። ነውር ስል ከልቤ ነው።

«እዚህ አገር ዘመድ የለውም እኮ!»

ዘመዱ ጓዳህ ውስጥ ተቀምጧል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዛሬው የዕፅዋት አመዳደብ የአማሪሊስ ቤተሰብ ናቸው። ዱር ያለውን ትፈልጋለህ? ዝናብ ሲጀምር ከመሬት ብቅ የሚለው፣ መቶ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው አንድ ቀይ ኳስ የሚሆኑበት ስካዶክሰስ ሙልቲፍሎረስ ዘመዱ ነው። በደጋው ረግረጋማ ሜዳ ላይ ነጭ አበባ የሚያወጣው ክሪነም አቢሲኒከምም ዘመዱ ነው፤ ያገራችንን ስም በሳይንሱ መዝገብ ተሸክሞ ይዞራል። እነዚህ ክረምቱንም በጋውንም ከእኛ ጋር ሲያሳልፉ ኖረዋል። እንግዳው ዘመዶቹ ቤት ነው የመጣው።

አተካከሉን ከጎረቤቴ ታሪክ ልጀምር። ጋሼ ጥሩ ሰው ናቸው፤ የሰጧቸውን ሁሉ ይተክላሉ። ከእኔ የወሰዱትን ራስ ሰኔ ላይ ክንድ ያህል ቆፍረው ከተቱት፣ አፈር መለሱበት፣ ረገጡት። ነሐሴ ላይ መጥተው «በሰበሰብኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ይትከሉት አልኩዎት እንጂ መቼ ይቅበሩት አልኩዎት?»

ሳቁና «ታዲያ እንዴት ነው?» አሉ። እንዲህ ነው። የአማሪሊስ ራስ አንገት አለው፤ ቅጠሉም የአበባው አገዳም የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ የዝናብ አገር አንገቱና ትከሻው ከአፈር በላይ መቅረት አለባቸው፤ ከራሱ ሲሶው ውጪ ቢታይ አይጎዳም፣ እንዲያውም ይድናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ በአንገቱ ዙሪያ ከተኛ፣ መበስበሱ ከዚያ ይጀምርና ወደ ልቡ ይወርዳል። ከሥር ያሉት ሥሮቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ከዓመት ዓመት የሚኖሩም ናቸውና ስትተክል አትቁረጣቸው፣ ዘርጋቸው እንጂ። በአንዱና በሌላው መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል።

«የእኔ ግቢ መረሬ ነው፤ ምን ላድርግ?»

መረሬ ላይማ መደብ ሳትሠራ አትነካካው። መረሬ በክረምት ውሃ ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በሁለቱም ወቅት የአማሪሊስ ጠላት ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ ያለ መደብ ሥራ፤ ቀይ አፈር፣ የበሰለ ፍግና ደቃቅ ቀይ አሽ ወይም አሸዋ ቀላቅልበት። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው፤ ጥቅሙ የብዙ ዓመት። መሬትህን የማታውቀው ከሆነ ጉድጓድ ቆፍረህ በውሃ ሙላውና እደር። ጠዋት ውሃው ቦታው ላይ ከጠበቀህ መልሱን ሰጥቶሃል፤ ሌላ ቦታ ፈልግ።

«እኔ ግን በበጋው አዝኜለት በየቀኑ አጠጣሁት። ሳያብብ ቀረ።»

የተኛውን ማን ቀስቅስ አለህ? የአማሪሊስ ዕረፍት ደረቅ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ውሃ ቀንስ፣ ኅዳር ላይ ተው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አትደንግጥ፤ በውስጡ ያለውን ወደ ራሱ እየመለሰ ነው። ሁሉም ቅጠል ካልረገፈም ግድ የለም፤ አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ቅጠል ይዞ ይቆያል። ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ አንገቱ ውስጥ ወፈር ያለ ጫፍ ሲመጣ ያኔ በደንብ አጠጣውና ጠብቅ። ጠፍጣፋ ሆኖ የሚወጣው ቅጠል ነው፤ ደንደን ብሎ የሚወጣው አበባ ነው። ከዚያ በኋላ አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ አጠጣ። አገዳው ውስጡ ባዶ ነው፤ ግማሽ ሜትር ገደማ ይወጣና ጫፉ ላይ ከ2 እስከ 6 የሚሆኑ አበቦች ይከፍታል። ነፋስ ካለ አንድ እንጨት አስደግፈው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር መጣሁ።

አበባው ያልቃል። በዓል ይቃረባል። አትክልተኛው ይጠራል። «ግቢው ይጽዳ» ይባላል። መቀስ ይመጣል። ለምለሙ ቅጠል ሁሉ ከሥሩ ተቆርጦ ከአጥሩ ውጪ ይጣላል። ከዚያ በዓመቱ ባለቤቲቱ ትጠይቃለች፦ «ለምንድነው ዘንድሮ ያላበበው?»

እታለም፣ አበባውን አምና በመቀስ አሰናበትሽው።

ሰው ይህን ስነግረው የማጋንን ይመስለዋል። አላጋነንኩም። የአማሪሊስ ራስ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሥርዓት አለው፤ አራት ያህል ቅጠል ያወጣል፣ ከእነሱ ቀጥሎ አንድ የአበባ ጽንስ በልባሶቹ መካከል ያኖራል፣ ከዚያ እንደገና አራት፣ እንደገና አንድ። ዛሬ ያየሽው አበባ የተፀነሰው አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነው። ቅጠሉ ከፀሐይ ያገኘውን ወደ ታች እያወረደ ራሱን ያወፍራል፤ ራሱ ሲወፍር የአበባው ጽንስ ሳይደርቅ ያድጋል። ነጋዴዎችም ይህን ስለሚያውቁ ራሱን የሚሸጡት በዙሪያው ልክ ነው። 26 ሳንቲ ሜትር የሆነው አንድ ዋጋ፣ 34 የሆነው ሌላ ዋጋ፤ ትልቁ ሁለት ሦስት አገዳ ያወጣልና። ያን ትልቅነት የሠራው ቅጠል ነው። ክረምቱን ሙሉ ስድስት ሰባት ቅጠል የተወለት ሰው በዓመቱ ሁለት አገዳ ቢያገኝ አይግረመው። ቅጠሉን የቆረጠ ሰው ግን ራሱ እየቀጨጨ፣ እየቀጨጨ ሄዶ የነጭ ሽንኩርት መጠን ሲደርስ ያያል።

ስለዚህ መቀሱ አንድ ሥራ ብቻ ይኑረው። የረገፈውን አበባ ዘር ሳይቋጥር ከአገዳው ጫፍ ይቁረጥ። አገዳው ራሱ አረንጓዴ እስከሆነ ይቆይ፤ እሱም እንደ ቅጠሉ ይሠራል። ቢጫ ሲሆን ይወገድ። ቅጠሉን ማንም አይንካው። «ግቢው ዝርክርክ ይላል» የምትይ ከሆነ ከፊቱ ዝቅ ያለ አበባ ትከይና ይሸፍነው። ለበዓል እንግዳ ሁለት ሰዓት ደስ እንዲለው የዓመት አበባ አይገደልም።

«እኔ ቅጠሉን አልቆረጥኩም። ዩሪያም ረጨሁለት። ቅጠሉ አማረ፣ አበባ ግን የለም።»

ቅጠል አዘዝክ፣ ቅጠል መጣልህ! ዩሪያ ናይትሮጂን ነው፤ ናይትሮጂን የሚሠራው ቅጠል ነው። ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ቅጠሉ ይለሰልስና ለበሽታ ይጋለጣል። ለአማሪሊስ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ በቂ ነው፤ አበባው ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ መሐል አንድ ጊዜ፣ አንገቱን ሳይነካ ዙሪያውን። ነሐሴ ካለፈ አትጨምርለት፤ ለዕረፍት እየተዘጋጀ ነው።

«ፍግም ሰጠሁ፣ ቅጠሉም አልተነካ። ማንጎው ሥር ተክዬው ነው።»

እንግዲያው ማንጎውን ጠይቀው፤ ፀሐዩን የወሰደው እሱ ነው። አማሪሊስ ቢያንስ ግማሽ ቀን ብርሃን ይፈልጋል። ደጋ ላይ ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝም ይችለዋል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ግን የጠዋቱን ፀሐይ ስጡትና የከሰዓቱን ጥላ ይከልክልለት።

ደብረ ብርሃን የሚኖር ወዳጄ ደግሞ ደውሎ «እዚህ ውርጭ አለ፤ ነጻ ወቅት ያልከው የት አለ?» ሲል ያዘኝ። እውነቱን ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ የአዲስ አበባው ምክር እንዳለ አይሠራም። ለእሱ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ውርጭ የሚገባው ዝናብ ሲወጣ ነውና አንተም የአፈሩን ብርድ ልብስ ያኔ አልብሰው። ከግድግዳ ጥግ፣ ቀን የሞቀው ድንጋይ ማታ በሚተነፍስበት በኩል ይተከል፤ ጥቅምት ላይ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል በወፍራሙ ይጎዝጎዝበት፤ የካቲት ላይ ይነሳለት። ቅጠሉ ቢቃጠልም ራሱ ካልቀዘቀዘ ይመለሳል።

ባሕር ማዶ ያሉት የሚሉትም አላለቀልኝም። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ለገና ሰጡኝ፤ ሦስት ሳምንት ቤቱን ሞላው፤ ሲያልቅ ጣልኩት» አለችኝ።

«እንግዳው ዘፍኖልሽ ሲደክመው ከበር አስወጣሽው?»

አዲስ አፈር አያስፈልጋትም፣ ሙያ አያስፈልጋትም። የደረቀውን አበባ ቆርጣ ቅጠሉን ከመስኮት ብርሃን ጋር ብትተወው፣ ግንቦት ላይ ውርጩ ሲያልፍ መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ቀጥሎ ፀሐይ ላይ ብታወጣው፣ በበጋቸው ሙሉ ይወፍራል። በእነሱ ኦክቶበር፣ ውርጭ ሳይቀድማት ታስገባና በደረቅ ጨለማ ቦታ ታሳርፈዋለች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መግዛት ቀረ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ። ከላይ እስከ ታች በቀለም ሰም የተነከረ፣ ውሃም አፈርም አያስፈልገውም ተብሎ የሚሸጥ ራስ አለ። አትግዙት። ብዙውን ጊዜ ሥሩ ተቆርጦ፣ እንዲቆም ሽቦ ተደርጎበታል፤ በተጠራቀመው ስንቅ አንድ ጊዜ አብቦ እንዲሞት የተሰናዳ ነው። ለዓመታት የሚኖር ፍጥረት የአንድ ወር ጌጥ ሲደረግ ማየት ያበሳጨኛል። እጃችሁ ከገባም ሰሙን በቀስታ ልጡት፣ ሽቦውን አውጡት፣ የሥሩ መቀመጫ ከተረፈ አፈር ላይ አስቀምጡት፤ ሥር የሚያወጣ አይጠፋም።

ሂዩስተን ያለው ወንድሟ ግን ምክንያት የለውም። እዚያ አማሪሊስ ዓመቱን ሙሉ መሬት ውስጥ ይኖራል፣ ኤፕሪል ላይ፣ ፋሲካችን አካባቢ ያብባል። በቴክሳስና በሉዊዚያና አሮጌ ግቢዎች የቅዱስ ዮሴፍ ሊሊ የሚሉት ቀይ ባለ ነጭ መስመር አማሪሊስ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ እንኳ በአጥር ሥር እየበዛ ይገኛል። «እኔ አበባ መትከል አላውቅም» አለኝ። እሱስ አንተን መቼ ጠበቀ! ቤቱ ፈርሶ ማንም ሳያጠጣው የሚያብብ ነው።

ሎስ አንጀለስ ያለች ደግሞ «የእኔ ቅጠል ሳይኖረው ነው ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው፤ የነገርከን ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው» ትላለች። ልክ ነሽ፣ ያንቺው ሌላ ነው። እሱ የደቡብ አፍሪካው የኬፕ አማሪሊስ ቤላዶና ነው፤ በክረምት ዝናብ ቅጠል አውጥቶ፣ በደረቁ በጋ አርፎ፣ መጸው ሲቃረብ ራቁቱን ያብባል። የካርቶኑ የደቡብ አሜሪካው ሂፒአስትረም ነው። የዕፅዋት ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ1987 «አማሪሊስ» የሚለውን ስም ለኬፑ አጽንተውለታል። የአንዱን ቀን መቁጠሪያ በሌላው ላይ መጫን ግን ሁለቱንም መበደል ነው።

ቶሎ የማልፈው ግን የማልተወው ነገር አለ። ራሱ መርዝ አለው፤ ላይኮሪን ይባላል፣ የበላውን ያስመልሳል፣ ውሻንና ድመትን ይጎዳል። መልኩ ሽንኩርት ነውና ነቅላችሁ ስታሳርፉት ከጓዳ አርቁት። ቅጠሉ ላይ ቀይ ጠባሳ ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ የታመመውን ቅጠል አንሱ፣ ከላይ ማጠጣት አቁሙ። ቅጠሉ በቢጫ ዝንጉርጉር ከሆነ ግን ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውምና ነቅላችሁ አስወግዱ፣ ለጎረቤትም አትስጡ። ቢላችሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ስታሻግሩ በበረኪና እጠቡት። ቀንድ አውጣና አባጨጓሬ በክረምት ማታ ማታ ይመጣሉ፤ ባትሪ ይዞ ወጥቶ መልቀም ይሻላል።

«ልጆቹንስ መቼ ልለይ?» አሉኝ ጋሼ። ሁለተኛው ራሳቸው አልበሰበሰም፤ መደብ ላይ ነው፣ አንገቱ ውጪ ነው፣ በጎኑ ሦስት ትናንሾች ወልዷል።

«ጋሼ፣ ጡት ሳይጥሉ ምን አስቸኮለዎት?» ከእናታቸው ሲሶ ወይም ግማሽ ሲያክሉ፣ ጥር ላይ ከዕረፍቱ ሳይነቃ ይለያሉ። ሳይለዩ ቢቆዩም አይከፋቸውም፤ ተጠጋግተው በደንብ ያብባሉ።

«ቀዩን ከነጩ ባዳቅለውስ?»

ይኼን ጥያቄ ወደድኩት። እ.ኤ.አ. በ1799 ገደማ አርተር ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ፣ በላንካሽየር ፕረስኮት ከተማ የሚኖር ሰዓት ሠሪ፣ ሁለት የደቡብ አሜሪካ ዝርያዎችን አዳቅሎ የመጀመሪያውን ድቅል አገኘ፤ የቅዱስ ዮሴፍ ሊሊ ያልኳችሁ እሱ ነው። ጋሼ የእጃቸውን ሰዓት አዩና «እኔም ሰዓት አለኝ» አሉ። «እንግዲያው የሠሪውን ትዕግሥት ይጨምሩበት» አልኳቸው። የቀዩን ብናኝ በጣት ወስደው የነጩ ሴቴ ጫፍ ላይ፣ ጫፉ ለሦስት ሲከፈት፣ መቀባት ነው። ከአበባው ሥር ያለው አረንጓዴ ቋጠሮ ያብጣል፤ ወር ከግማሽ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ወረቀት የመሰለ ስስ ጥቁር ዘር ተደራርቦ ይገኛል። ከዘር የበቀለው ለማበብ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ በእነዚያ ዓመታት በበጋውም ውሃ አይቀነስበትም፣ ገና ዕረፍት አያውቅምና። ቀለሙ ምን እንደሚሆን ማንም አይነግራቸውም፤ ከአንድ ቋጠሮ የወጡት ራሳቸው አይመሳሰሉም።

«ዘሩን ታዲያ ለመስከረም ላስቀምጠው?»

አይ ጋሼ፣ ቋጠሮው በተሰነጠቀበት ቀን ይዝሩት፤ ቢቆይ ይደክማል።